ስለ ጅቡ ጉዳይ ከመወሰናችን በፊት



እንደምታውቁት ባለፈው ስብሰባችን ላይ የጅቡ ጉዳይ ሲነሣ ሁላችንም ባንድ ጊዜ ስለተናገርን ቃለ ጉባኤ መያዝ እንኳ አስቸግሮን ነበር። ያም ሆኖ በመዝገባችን ላይ የሰፈሩት ሐሳቦች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከየቤቱ 300 ብር ተዋጥቶ ጠመንጃ ያላቸው አዳኞች ይምጡ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ አዳኝ ምን ያደርጋል፣ ሥጋ ላይ መርዝ ተደርጎ ወንዙ ዳር ይጣል የሚል ነው። የፊታችን እሑድ ድምፅ ይሰጥበታል። እኛም በጽሕፈት ቤቱ በኩል ያለንን ሐሳብ ከድምፁ በፊት በዚህ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ተገቢ ነው ብለን ስላመንን ይህን ጽፈናል። ውሳኔ አይደለም፣ ሐሳብ ነው። ያልተስማማ በስብሰባው ላይ ይከራከረን፤ ወረቀቱን ግን እንዳለፈው ጊዜ አትቅደዱብን።

በመጀመሪያ የደረሰውን ጉዳት እንናገር። ጉዳቱን አቃልለን የምናይ እንዳይመስልብን ነው።

በታችኛው መንደር የምትኖር አንዲት እናት አህያዋ በጾሙ በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት ከጋጣ ተጎትታ ወጥታ ተበልታባታለች። ጠዋት የተገኘው ሰኮናና የራስ ቅል ነው። ያቺ አህያ ውሃ ትጭናለች፣ ከወፍጮ ቤት እህል ታመላልሳለች፣ ለሦስት ልጆች ደብተር የሚገዛው በእሷ ጀርባ ነበር። በስብሰባው ላይ «አህያ ናት እንጂ ሰው አይደለችም፣ ምን ያንጫጫችኋል» ያለ አባል ነበር፤ ስሙን አንጽፍም፣ ራሱን ያውቀዋል። አህያዋ የማን እንጀራ እንደነበረች ቢያስብ ኖሮ እንዲህ ባላለ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በአንድ ሳምንት ውስጥ የላይኛው በር ዘበኛችን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሁለት ጅቦች ከፊቱ ቆመው ባትሪ ቢያበራባቸው፣ ድንጋይ ቢወረውርባቸው ንቅንቅ ሳይሉ ቆይተው፣ ደስ ባላቸው ጊዜ ሄደዋል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ለኪዳን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የነበሩ ሁለት እናቶችን ደግሞ አንድ ጅብ እስከ ቅጥሩ ድረስ ከኋላ ከኋላ ተከትሏቸዋል። እናቶቹ ነጠላቸውን ሰብስበው «እግዚኦ» እያሉ ደርሰዋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን የከፋ ነገር አልሆነም። በፊት እኮ ጅብ የሚሰማው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ፣ ያውም ከሩቅ ነበር። ውሻ ሲጮህበት ይሸሽ ነበር። አሁን ውሻው ነው አልጋ ሥር የሚገባው። አባቶቻችን «ጅብ እስኪነክስ ያነክስ» ያሉት እንዲህ ዓይነቱን ነገር አይተው ነው። ስለዚህ የተቆጣው ሁሉ ቢቆጣ አይፈረድበትም፤ እኛም ተቆጥተናል።

ነገር ግን ጥያቄው ጅቡ ለምን ደፈረ የሚለው ነው። ይህን ሳንመልስ ብር ብንሰበስብ ብሩም ይሄዳል፣ ጅቡም ይመጣል።

ለዚሁ ሲባል ባለፈው ቅዳሜ ከገንዘብ ያዡና ከአንድ ሽማግሌ አባላችን ጋር ሦስት ሆነን ከድልድዩ በታች ወዳለው ገደል ወረድን። አፍንጫችንን በነጠላ ይዘን ነው የወረድነው። እዚያ ያየነውን ብንጽፈው ወረቀቱ ይሸታል፤ ቢሆንም በጥቂቱ መናገር አለብን። ሦስት የሞቱ ውሾች፣ አንድ የፈረስ ሬሳ፣ በማዳበሪያ ጆንያ የታሰሩ የሞቱ ዶሮዎች፣ ከቅበላው የተረፈ ደርቆ የከረመ የፈርስ ክምር፣ ቀንድ በቀንድ ላይ፣ ቆዳ፣ ሰኮና። በዙሪያው እንደ ኖራ የነጣ ኩስ ሞልቶታል። አብረውን የወረዱት አባባ ያ የጅብ ኩስ እንደሆነና የሚነጣውም አጥንቱን ሁሉ ፈጭቶ ስለሚበላ መሆኑን ነገሩን። ሌላ ነገርም አየን፤ ከገደሉ ወደ ሰፈራችን የሚወጣ ጠባብ መንገድ አለ። ሰው የረገጠው ይመስላል፣ ግን የሰው አይደለም። ቀጥ ብሎ የሚደርሰው ያቺ አህያ የነበረችበት ጋጣ አጠገብ ነው።

ይህን ሁሉ የጣለው ማነው? ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ሥጋ ቤት ነው የሚል አለ፤ እውነት ነው፣ ይጥላል። የዶሮ እርባታው ነው የሚል አለ፤ እሱም ይጥላል። ግን ልናፍር የሚገባን እኛ ነን። ለገና በማኅበራችን ስም የተገዙት ሁለት በሬዎች ታርደው ቅርጫው ሲከፋፈል ፈርሱና ሆድ ዕቃው በጋሪ ተጭኖ የት እንደተወሰደ እናውቃለን። ለባለ ጋሪው የተከፈለበት ደረሰኝ በፋይላችን ውስጥ አለ፤ የፈረምነውም እኛው ነን። «ቆሻሻ ማስወገጃ» ብለን ነው የጻፍነው። አላስወገድነውም፤ ከዓይናችን ነው ያራቅነው። ለጅብ ግን ማዕድ ዘርግተንለታል።

በዩኒቨርሲቲ የምትማር የሰፈራችን ልጅ በዚህ ጉዳይ ላይ የተጻፈ ጥናት አንብባ አስረድታናለች፤ እኛ ትምህርታችን ከአንደኛ ደረጃ ያላለፈ ስለሆነ ደጋግማ እንድትነግረን አድርገናል። የመቐለ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና የሥራ ባልደረቦቻቸው በትግራይ ጅቦች በዐቢይ ጾም ጊዜ ምን እንደሚበሉ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2012 አሳትመዋል። እንዴት አወቁ ቢባል ኩሱን ሰብስበው በውስጡ ያለውን ፀጉር የየትኛው እንስሳ እንደሆነ ለይተው ነው። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከተገኘው ውስጥ የአህያ የሆነው ከመቶ 15 ያህል ነበር። በጾሙ ወራት ወደ 33 ከፍ አለ። ከፋሲካ በኋላ እንደገና ወደ 22 ወረደ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በ55ቱ የጾም ቀን ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ቅርጫ የለም፣ አጥንት የሚጥል የለም። ጅብ አይጾምም። ዓመቱን ሙሉ ከእኛ ትርፍራፊ የለመደ ሆድ ትርፍራፊው ሲቋረጥ ወደ በረት ይሄዳል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ የእኛም አህያ የተበላችው በጾሙ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ገደሉ በቅበላ ሰሞን ጢም ብሎ ነበር፤ ከየት ከየት የተሰበሰበ ጅብ ሁሉ በልቶ ጠገበ። ከዚያ ሥጋው ተቋረጠ። ጅቡ ግን ቦታውን ለምዷል፣ የኛን ሽታ ለምዷል፣ ባትሪያችን እንደማይነክስ አውቋል። ታዲያ ወዴት ይሂድ? ቀን ሰው ብሎ ያበላውን ቤት ሌሊት አንኳኳ ማለት ነው።

አሁን ወደ አዳኞቹ ሐሳብ እንምጣ። ሐሳቡን ያቀረቡት አባላችን «ጅብ ከሚበላህ ጅብ በልተህ ተቀደስ» ብለው ሲተርቱ አዳራሹ አጨብጭቧል። እኛም ስቀናል። ተረቱ ጥሩ ነው። ግን የሚሠራው ጅቡ አንድ ሲሆን ነው። ጅብ በመንጋ የሚኖር፣ በሴቶቹ የሚመራ፣ እያንዳንዱም መንጋ የየራሱ ቀበሌ ያለው አውሬ ነው። (ሴቷ ከወንዱ እንደምትገዝፍና እንደምታዝዘው ስንሰማ የሴቶች ክፍል ተጠሪያችን ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም።) ከአንዱ መንጋ አምስቱን ብትገድል ገደሉ ላይ ያለው ሬሳ እስካለ ድረስ የጎረቤት መንጋ ቦታውን ይወርሰዋል። አዲሱ መጤ ደግሞ ሰፈሩን ስለማያውቀው ይብሳል እንጂ አይሻልም።

ይህም በዚሁ በከተማችን ታይቷል። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ አዲስ አበባ መካከል ከጎዳና ላይ ከምታድር እናት ጎን ሕፃን በጅብ ተነጥቆ እንደሞተ የዜና ማሰራጫዎች ዘግበው ነበር። ልብ የሚሰብር ነገር ነው። ከዚያ በኋላ አዳኞች ተሰማርተው ጅቦች ተገድለዋል። በዚያን ሰሞን በከተማው ውስጥና በዳርቻው ያለው የጅብ ቁጥር ከ300 እስከ 1,000 ይደርሳል ተብሎ ይገመት ነበር። ከዚያ ሁሉ ጥይት በኋላ ጅብ አለቀ ወይ? እናንተው መልሱት፤ ትናንት ማታ ከአልጋችሁ ሆናችሁ ሰምታችሁታል።

ሌላው ነገር ጥይት ነው። ሰፈራችን ቤት ከቤት የተያያዘ፣ ግድግዳው ጭቃና ቆርቆሮ የሆነ ሰፈር ነው። በጨለማ የተተኮሰ ጥይት ጅቡን ቢስተው የሚያርፈው ማን ቤት ነው? ደግሞም ሕግ አለ። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማደን ያስቀጣል። ማኅበራችን ማኅተም ያለው ማኅበር ነው፤ ሕገ ወጥ ነገር ወስነን በቃለ ጉባኤ ብንጽፈው የምንጠየቀው የፈረምነው ነን። ሰውን ለይቶ የሚተናኮል ጅብ ካለ በወረዳው በኩል ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አመልክቶ ባለሙያ እንዲመጣ ማድረግ ይቻላል፤ ማመልከቻውን ጽፈን አዘጋጅተናል፤ በስብሰባው ላይ እናነበዋለን።

በሌላ አገር እንዴት ነው ያላችሁንም ጠይቀናል። ከአባሎቻችን የአንዱ ልጅ በአሜሪካ አገር በሎስ አንጀለስ ከተማ ይኖራል። በስልክ የጅቡን ነገር ሲነግሩት ሳቀና «እኛም ጋ አለ» አላቸው። እዚያ ጅብ የለም፤ ኮዮት የሚሉት ከቀበሮ ከፍ ያለ፣ ከተኩላ ያነሰ አውሬ ነው። ሲመሽ በሠፈር መንገድ ላይ እንደ ውሻ ይሄዳል፣ ድመትና ትንንሽ ውሻ ከግቢ ይወስዳል፣ ገበሬውን ደግሞ በግ ይፈጅበታል። ነጮቹ በዚህ አውሬ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ዘምተውበታል። በጥይት፣ በወጥመድ፣ በመርዝ። የመንግሥት አዳኞች ብቻ በዓመት በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ይገድላሉ። ውጤቱ ምን ሆነ? በፊት በምዕራቡ በኩል ብቻ የነበረው ኮዮት ዛሬ ከሐዋይ ደሴቶች በቀር የማይገኝበት ግዛት የለም፤ እንደ ቺካጎ ባለ ትልቅ ከተማ መሐል ገብቶ ይዋለዳል።

እ.ኤ.አ. በ1981 በሎስ አንጀለስ አጠገብ ባለችው በግሌንዴል አንዲት የ3 ዓመት ሕፃን በቤቷ ደጃፍ ላይ በኮዮት ተገድላለች። ከዚያ በኋላ በሦስት ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ በዚያው ሰፈር ዙሪያ ብቻ ከ50 በላይ ኮዮት ተይዞ ተገድሏል። ከ50 በላይ! በአንድ ሰፈር! ያን ያህል አውሬ በሰው ደጅ ያኖረው ምን ነበር ቢባል ምግብ ነው፤ አውሬውን አውቆ የሚያበላ ነበር፣ ቆሻሻውን ክፍት የሚተው ነበር። ዛሬ በሎስ አንጀለስ የዱር አውሬ ማብላት በሕግ የተከለከለ ነው። ሰዎቹም ኮዮት ሲያዩ እንዲጮኹ፣ ድስት እንዲያንኳኩ፣ ድንጋይ እንዲወረውሩ እንጂ ቆመው እንዳያዩት ይመከራሉ፤ ሰውን መፍራት እንዳይረሳ ነው። ሀብታሙ አገር ከዚያ ሁሉ ጥይት በኋላ የደረሰበት ነገር የቆሻሻ ገንዳ መክደን ከሆነ፣ እኛ 300 ብራችንን ይዘን ከመጀመሪያው መጀመር ያለብን አይመስለንም።

የመርዙን ሐሳብ በተመለከተ ግን በለሆሳስ አንናገርም። በፍጹም አንስማማም። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ሰፈር አንድ ሰው ማንንም ሳያማክር መርዝ የተነከረ ሥጋ ጥሎ ነበር። በማግሥቱ ዘጠኝ ውሾች ሞተው አደሩ፤ ከዘጠኙ ሁለቱ የማኅበሩ ጥበቃ ውሾች ነበሩ። አንድ ሕፃን ከወደቀው ሥጋ ሊያነሣ ሲል እናቱ ደርሳ አስጣለችው። ጅቡ ደግሞ በሚቀጥለው ሌሊት መጥቶ የሞቱትን ውሾች በላ። ይህን የረሳ ካለ እኛ አልረሳንም። ከዚያም በላይ ከገደሉ ሥር ያለው ውሃ የታችኛው መንደር ከብት የሚጠጣው ውሃ ነው። ጥንብ አንሣውስ? ልጆች ሳለን ሰማዩን የሞላው ጥንብ አንሣ አሁን ስንት ይታያል? በአፍሪካ ምድር ጥንብ አንሣን እየጨረሰ ካለው ነገር ዋነኛው ለሌላ አውሬ ተብሎ የሚጣል መርዝ ነው። አሜሪካኖቹ እንኳ ለኮዮት የሚጥሉትን መርዝ እ.ኤ.አ. በ1972 በፕሬዚዳንታቸው ትእዛዝ በመንግሥት መሬት ላይ አግደውታል።

«እናንተ ለጅብ ጠበቃ ቆማችኋል» የሚሉን ይኖራሉ። ጠበቃ አይደለንም። ግን እውነቱ ይነገር ከተባለ ጅቡ እስከ ዛሬ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ሲሠራልን ኖሯል፤ ያለ ደሞዝ። በመቐለ ከተማ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል የእንስሳት ሬሳና ትርፍራፊ እንደሚያነሡ፣ በዚህም አባ ሰንጋን የመሰለ በሽታ ወደ ሰውና ወደ ከብት እንዳይተላለፍ እንደሚረዱ ገምቷል። ያን ሁሉ ሬሳ ጅብ ባያነሣው ማን ሊያነሣው ነበር? እኛ የራሳችንን ሁለት በሬ ፈርስ መቅበር ያቃተን ሰዎች?

ደግሞ «ሐረር ጅብ ይመገብ የለም ወይ፣ ምን ሆኑ?» ያሉ ወጣቶች አሉ። አዎ፣ በሐረር ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ በስሙ እየተጠራ ሥጋ ይጎርሳል፤ በግንቡም ላይ ጅብ የሚገባበት ዝቅ ያለ ቀዳዳ አለ፤ በዓሹራ ቀንም ገንፎ ይቀርብለታል። ሐረሮች ከጅብ ጋር የቆየ ውል አላቸው፤ ማን እንደሚያበላ፣ የት እንደሚያበላ፣ ምን እንደሚያበላ ይታወቃል። እኛ ጋ ግን ማንም በፈለገው ሌሊት የፈለገውን ሬሳ ይጥላል። ስለዚህ ሐረርን ለኛ ምሳሌ አታድርጉብን፤ ወጣቶቹም ለፎቶግራፍ ብለው ከድልድዩ ላይ ዳቦና አጥንት መወርወራቸውን ከዛሬ ጀምሮ ቢተዉ ደስ ይለናል። የማን ልጆች እንደሆኑ አውቀናል።

እንግዲህ የኛ ሐሳብ የሚከተለው ነው። 300 ብሩ ይዋጣ፤ መዋጮውን አልተቃወምንም። 140 ቤት ቢያዋጣ 42,000 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ በመጀመሪያ አህያ ለተበላችባት እናት ሌላ አህያ መግዣ የሚሆን ይነሣ። የማኅበሩን ሬሳና ፈርስ ስንጥልበት የኖርንበት ገደል ያሳደገው ጅብ ነው የበላባት፤ ስለዚህ ዕዳው የኛ ነው። ይህን ነጥብ አንዳንድ የኮሚቴ አባላት አልወደዱትም፤ «ዛሬ ለአህያ ከከፈልን ነገ ለዶሮ ሊጠየቅ ነው» ብለዋል። ይጠየቅ። ጉድጓዱ ከተሠራ በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ ያን ጊዜ እናየዋለን።

የቀረው ገንዘብ ለጉድጓድ ይሁን። ከወንዙ ራቅ ብሎ ከአሮጌው ባሕር ዛፍ በላይ ባለው የጋራ መሬት ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ጅብ ፈልፍሎ እንዳይገባ አፉ በሲሚንቶ ክዳን ይዘጋ። የሞተ ውሻም ሆነ የቅርጫ ፈርስ እዚያ ይግባና ኖራ ይነስነስበት። የክዳኑ ቁልፍ በዘበኛው እጅ ይሁን። ቆፋሪ መቅጠር አያስፈልግም፤ ወጣቶቻችን በሁለት ቅዳሜ ይጨርሱታል፤ ሲሚንቶና ብረት ብቻ ነው የሚገዛው። ለሥጋ ቤቱና ለዶሮ እርባታው ደግሞ ማኅበሩ ደብዳቤ ይጻፍላቸው፤ ከእንግዲህ ገደሉ ውስጥ የሚጥል ቢገኝ ለወረዳው ደንብ አስከባሪዎች እናመለክታለን። ግን መጀመሪያ እኛ ካላቆምን ደብዳቤያችንን ማን ያነበዋል?

ይህ ሁሉ ከፋሲካ በፊት ማለቅ አለበት። የምንቸኩለውም ለዚህ ነው። በፋሲካ ሌሊት በዚህ ሰፈር ስንት በግ፣ ስንት ዶሮ፣ ስንት የቅርጫ በሬ እንደሚታረድ ታውቃላችሁ። ያ ሁሉ እንደ ልማዳችን ገደል ከገባ ከሁለት ወር በፊት የነበረው ነገር በእጥፍ ይመለሳል፤ የተራበው መንጋ ሁሉ እዚህ ይሰበሰባል፤ ሕፃናት ደግሞ የበዓል ሰሞን እስከ ማታ ውጭ ነው የሚጫወቱት።

ስለ በረት ጥቂት እንጨምር፤ ምክንያቱም አህያ ያላችሁ፣ በግ የምታረቡ፣ ላም ያላችሁ አሁንም በዚያው በቆርቆሮ ሽንቁር ነው የምታሳድሩት። ጅብ ቆርቆሮ በጥርሱ ይቀዳል፣ የላላ አፈር በእግሩ ይፈለፍላል። ከአጥሩ ሥር ትልልቅ ድንጋይ ተቀብሮ ካልተደረደረ አጥር አይባልም። በሩ ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ የሚከፈትና በወፍራም መቀርቀሪያ የሚዘጋ ይሁን፤ ወደ ውስጥ የሚከፈተውን ጅብ በትከሻው ገፍቶ ይገባበታል። በታችኛው መንደር አንድ አባት ከሃያ ዓመት በፊት የሠሩት የድንጋይ በረት አለ፤ አንድም ቀን ጅብ አልገባበትም። ሂዳችሁ እዩት፣ ቡና ያፈሉላችኋል፣ እሳቸውም ለማሳየት ደስተኛ ናቸው። ትንሽ ወሬ ይበዛባቸዋል እንጂ።

በጨለማ ለኪዳንም ሆነ ለትምህርት ቤት የምትወጡ ብቻችሁን አትሂዱ። ጅብ ካያችሁ አትሩጡ፤ የሚሮጥ ነገር ይከተላል። ፊታችሁን ሳታዞሩ ወደ ኋላ ሽሹ፣ ጩኹ፣ ድንጋይ አንሡ። በጅብም ሆነ በውሻ የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከጅብም ይተላለፋል፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ መድኃኒት የለውም። «ጠበል እወስደዋለሁ» የምትሉ ውሰዱት፤ ግን ክትባቱን ጀምሮ ይሂድ።

ስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቀኑ 9 ሰዓት በማኅበሩ አዳራሽ ነው። መዋጮውን ቀድማችሁ ለመክፈል የምትፈልጉ ገንዘብ ያዡ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ይገኛል፤ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ። በጉድጓዱ ሐሳብ የምትስማሙ ደግሞ አካፋና ዶማ ያላችሁ ስም አስመዝግቡ፤ እስካሁን የተመዘገበው ሦስት ዶማና አንድ አካፋ ነው፤ አካፋው የኛው የጽሕፈት ቤቱ ነው፣ እጀታውም ተሰብሯል።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት